የፈረሱን ጀርባ ሳያዩ ኮርቻ

ዐዋቂ ኮርቻ ሠሪ ሥራውን የሚጀምረው ከእንጨቱና ከቆዳው አይደለም። አስቀድሞ ፈረሱን ያስመጣል፤ ጀርባውን በእጁ ይዳስሳል፤ ገጣባ ካለበትም አሮጌው ኮርቻ የቱን ቦታ እንደ ፈጀው ይመለከታል፤ ባለቤቱንም «የት የት ትጋልበዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን የማያደርግ ሠሪ ፈረስ በሚከበርበት በባሌ ደጋ ደንበኛ ያገኛል ብለን አናምንም። የሯጭ ጫማ ነገር ግን ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ለሯጩ ልጃችን የሚቀርብለት ጫማ በሌላ አገር፥ በሌላ ሰው እግር ተለክቶ፥ ለሌላ መንገድ ታስቦ የተሠራ ነው። እኛም ዋጋውን እንጂ ገጣባውን አንጠይቅም።

ዛሬ በዚህች ልሳናችን የምንከራከርለት ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የባሌ ሯጭ ጫማውንና ልብሱን እንዴት እንደሚጠቀምበት ማጥናት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲም መካከል ሮቤ ላይ የተቀመጠው የእኛው የመዳ ወላቡ ሥራ ነው የሚለው ነው።

«ስለ ጫማ ደግሞ ምን ጥናት ያስፈልጋል? አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አሸንፎ የለምን?» የሚሉን ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን። ይህ አነጋገር ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነቱ። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማለት በአዲስ ዓመት ዋዜማ ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የጨረሰው ጫማን ስለ ናቀ አልነበረም። የሞከራቸው ጫማዎች ስላልተመቹት፥ በባዶ እግሩም መለማመድ የለመደው ስለ ነበረ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በካልሲና በጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገባ። ይህም ከሮሙ ሦስት ደቂቃ የበለጠ ፈጣን ነው። ሮምን በየበዓሉ እያነሣን ቶኪዮን የምንዘነጋው ለምን እንደ ሆነ አይገባንም። በእኛ አስተያየት ሮም የሚያስተምረን ባዶ እግር ከጫማ ይሻላል ብሎ አይደለም፤ እግሩን ያላየ ጫማ ከባዶ እግር ይብሳል ብሎ ነው።

በሁለቱ ድሎች መካከል የተደረገ አንድ ነገር አለ፤ በአገራችን ብዙ አይወራም። በ1953 ዓ.ም. ሰኔ ወር አበበ ለማራቶን ውድድር ወደ ኦሳካ ሄዶ ሳለ፥ ኪሃቺሮ ኦኒትሱካ የሚባሉ የኮቤ ከተማ ጫማ ሠሪ ካረፈበት ቤት ድረስ ሄደው አነጋገሩት። እሱ በባዶ እግሩ ለመሮጥ አስቦ ነበር። እሳቸው ግን የጃፓን መንገድ እግር የሚቈርጥ ነገር እንዳለበት ነግረው አስረዱት፤ ጫማም አዘጋጁለት፤ በዚያው ጫማ ሮጦ አሸነፈ። እኒህ ሰው የታወቁት በዚህ ዓይነት ልማዳቸው ነው። የማራቶን ሯጮች እግራቸው ውሃ እየቋጠረ ሲቸገሩ አይተው «ይህ ለምን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ፤ ሯጮቹም «የማራቶን ነገር እንዲህ ነው፥ ምን ይደረጋል» አሏቸው። እሳቸው ግን በዚህ አልረኩም። ወደ ሐኪም ቤት ምሁር ዘንድ ሄደው መንሥኤው ሙቀት መሆኑን ተረዱ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ቀዳዳ ያለው ጫማም ሠሩ። ሯጩ የለመደውን ሥቃይ «ምን ይደረጋል» ብሎ ይተወዋል፤ አጥኚው ግን እንደ አዲስ ያየዋል። የጥናቱ ጥቅም ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

የእኒሁን ሰው ጫማ አሜሪካን አገር አስመጥተው ይሸጡ ከነበሩት አንዱ ቢል ባወርማን ነበሩ። እሳቸውም ነጋዴ ከመሆናቸው በፊት የኦሪጎን ዩኒቨርሲቲ የሩጫ አሠልጣኝ ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው የሚሮጡበትን ጫማ እየተረተሩ፥ እየመዘኑ፥ ከክብደቱ ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀነሱ መልሰው ይሰፉት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲሱን ሰው ሠራሽ የመሮጫ ሜዳ ያለ ሹል ብረት የሚቈነጥጥ ሶል ሲፈልጉ፥ የቤታቸውን ባለ ጉድጓድ የቂጣ መጋገሪያ ብረት ወስደው ጎማ አፈሰሱበት። ምጣዱ ተበላሸ፤ ሶሉ ግን ተገኘ። ናይኪ የተባለው ኩባንያ ከዚያ ከዩኒቨርሲቲ ሜዳ ተነሥቶ ዛሬ የት እንደ ደረሰ መናገር አያስፈልገንም። ባወርማን በእጃቸው የነበረው አንድ አስተማሪ ሊያገኘው የሚችለው ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪዎች፥ መቀስ፥ ሚዛን፥ መርፌና ክር። እኛ ከእነዚህ የጎደለን የቱ ነው?

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2009 ዓ.ም. ገደማ በስፖንጁ ውስጥ ከካርቦን የተሠራ ጠፍጣፋ ነገር ያለበት ወፍራም ጫማ ወጣ። በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ 18 ሯጮች ተመርጠው ሲፈተሹ፥ ሯጩ ከሚያወጣው ጉልበት በአማካይ ከመቶ 4 ያህል እንደሚቈጥብለት ታየ። ከዚያ ወዲህ የማራቶን ሰዓት ሁሉ ተለወጠ። መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. የእኛዋ ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ገብታ በዚያን ጊዜ የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር በእግሯ የነበረው ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፥ ዋጋውም 500 የአሜሪካ ዶላር ነበር። እግሩ የእኛ፥ ሳንባው የእኛ፥ ጫማው ግን የእነሱ!

ይሁን እንጂ «ከመቶ 4» የሚለው ቍጥር ለሁሉ እኩል የሚታደል ርዳታ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ደረጃ የታወቁ 7 የኬንያ ሯጮችን እነዚህን አዲስ ጫማዎች አስጫምቶ ከስስ ጫማ ጋር አመዛዝኗቸው ነበር። አንዱ ከመቶ 11 ያህል ሲጠቀም ሌላው ከመቶ 11 ያህል ተጐዳ። ተጐዳ ማለታችን በዚያው በውዱ ጫማ የበለጠ ጉልበት አወጣ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ የባሌ ልጅ ከዘመድ አዝማድ ብር ተበድሮ እንዲህ ያለ ጫማ ቢገዛ፥ ከሚረዳው ወገን ይሁን ከሚጎዳው በምን ያውቃል? ሳይለካ አያውቅም። የሚለካለትም ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ መለካት ካነሣን ዘንድ የቪየናውን ነገር ማለፍ አይቻልም። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያዊው ደራራ ሁሪሳ በቪየና ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ አንደኛ ገባ። ጥቂት ቈይቶም ድሉ ተሰረዘበት። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ ለጐዳና ሩጫ የሚፈቅደው የሶል ውፍረት 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን የእሱ 50 ሆኖ ተገኘ። ከውድድሩ በፊት በሞላው ቅጽ ላይ የተጻፈው ሌላ፥ የተፈቀደ ጫማ ነበር። አንድ ሴንቲ ሜትር! ያን ያህል ዓመት ልምምድ፥ ያን ያህል ሌሊት ተነሥቶ መሮጥ፥ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ልክ ተሻረ። በደራራ ልንፈርድ አንችልም። ሯጭ ሥራው መሮጥ ነው። ማስመሪያ ይዞ ከጐኑ የሚቆም የተማረ ሰው ማጣት ግን የሯጩ ሳይሆን የእኛ የተማሪዎቹ ጕዳይ ነው። ደንቡም ቆሞ አይጠብቅም፤ በትራክ ላይ የሚፈቀደው ውፍረት በ2017 ዓ.ም. ለሁሉም ርቀት ወደ 20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሏል።

ሌላው ጥያቄ ማን ተጠንቶ ነው ስለ «አፍሪካዊ እግር» የሚወራው የሚለው ነው። በ2002 ዓ.ም. የሐርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ጓደኞቻቸው በባዶ እግራቸው ሮጠው ያደጉ ኬንያውያንን አጥንተው፥ እነዚህ ብዙውን ጊዜ በፊተኛው የእግራቸው ክፍል እንደሚያርፉ፥ መሬቱም ተረከዝን እንደሚመታ ያህል እንደማይመታቸው ጻፉ። ዓለም ይህን ሰምቶ ስስ ጫማ ልግዛ ብሎ ተሯሯጠ። ሦስት ዓመት ቈይቶ ሌሎች አጥኚዎች በሰሜን ኬንያ ወደሚኖሩት ዳሰነቾች ሄዱ። ዳሰነች እንደምናውቀው በእኛም በኦሞ በኩል የሚኖር ሕዝብ ነው። እነዚህም ባዶ እግራቸውን ያደጉ ናቸው፤ በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ ግን አብዛኞቹ በተረከዛቸው አረፉ። ከአንድ አገር ሁለት ሕዝብ፥ ሁለት አረጋገጥ! ታዲያ የሲናና፥ የአጋርፋና የዲንሾ ልጅ እንዴት እንደሚረግጥ ከሐርቫርድ መጽሐፍ እናነባለንን? ወጥተን ብናየው ይቀላል።

መሬታችንም ራሱ ሌላ መሬት ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል፥ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን ሲያቋርጥ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሯጭ ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ባለው አስፋልት ላይ፥ በሲናና የእርሻ ዳር መንገድ ላይ፥ በሳነቴም ኮረትና ብርድ ውስጥ ሊሮጥ ይችላል። ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ በሚያመርትባት በዚህች አገር ጭቃውም በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ጥቁሩ መሬት ሲረጥብ ሶል ላይ እየተደራረበ ይለጠፋል፤ 138 ግራም ያለው ጫማ አንድ ማሳ ሳይሻገር ስንት ግራም ይሆናል? በሚዛን ቢመዘን የአንድ ማለዳ ሥራ ነው። ስፖንጅም በብርድ ይጠነክራል። በበጋ ክፍል ውስጥ ለስላሳ ተብሎ የተመሰከረለት ጫማ ማለዳ በውርጭ ላይ እንደ እንጨት ሊሆን ይችላል። ምን ያህል? ይህን ለመለካት ከሳነቴ የተሻለ ቤተ ሙከራ ገንዘብ ከፍሎ የሚሠራ ያለ አይመስለንም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጫማው ዕድሜ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚመከረው አንድ የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ እንዲለወጥ ነው። በሳምንት 150 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ይህ ከአንድ ወር ብዙ አይርቅም። በየወሩ አዲስ ጫማ የሚገዛ ጀማሪ በባሌ አለን? ጀማሪው የሚያገኘው አሮጌ ጫማ ነው፤ ከገበያ ሰልባጅ ወይም ታላቅ ወንድም ያወረሰው። የሌላ ሰው አረጋገጥ ስፖንጁን አስቀድሞ አጣሞታል። አዲሱ ባለቤት በዚያ ጥመት ላይ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ሲቀደድም ወደ ጫማ ሰፊው ይሄዳል፤ ጫማ ሰፊውም በማስቲሽና በጎማ ቍራጭ ሶሉን ይመልስለታል። ስለ ሯጭ ጫማ በሮቤና በጎባ ከሁሉ የበለጠ የሚያውቀው ሰው ማነው ብትሉን፥ ከመምህሮቻችን ይቅርታ እየጠየቅን፥ ይኸው ጫማ ሰፊ ነው እንላለን። የትኛው ጐን ቀድሞ እንደሚያልቅ፥ የትኛው ስፌት እንደሚለቅ፥ የትኛው ሶል በጭቃ እንደሚገነጠል በየቀኑ በእጁ ያየዋል። ይህ ዕውቀት እስከ ዛሬ በደብተር ካልሠፈረ ጥፋቱ የጫማ ሰፊው አይደለም።

የሴት ልጆችን ነገር ለብቻው ማንሣት ይገባል፤ በጫማ ብቻ አያበቃምና። በባሌ ብዙ እህቶቻችን ፀጕራቸውን ሸፍነው ይሮጣሉ። ላብ የጠጣ የጥጥ ሻሽ በከፍታ ብርድ ላይ ምን እንደሚያደርግ፥ በነፋስ ጊዜ ጆሮን እንዴት እንደሚሸፍን፥ መርፌ ቍልፉም የት እንደሚወጋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ናይኪ ለስፖርት የሚሆን ሒጃብ ሲያስተዋውቅ ሐሳቡ የመጣው ከስፖርተኞቹ ነበር። አምና አል ሐዳድ የተባለች የኤሚሬትስ ክብደት አንሺ ወደ ኩባንያው የምርምር ቤት በሄደች ጊዜ፥ ለውድድር የሚሆን አንድ መሸፈኛ ብቻ ስላላት በየማታው በእጇ እያጠበች እንደምትጠቀም ነገረቻቸው። እንግዲህ አንድ ሰው «በየማታው አጥባለሁ» ስላለ አዲስ ዕቃ ተወለደ። የእኛ እህቶች በየማታው ምን እንደሚያጥቡ፥ ምን እንደሚሰፉ የጠየቃቸው ማነው? ይህን ጥናት ሴቶች ተማሪዎች ራሳቸው ቢመሩት ነው የሚሻለው፤ ለወንድ የማይነገር ብዙ አለና።

«አገሩ ድኻ ነው፤ ስንዴው ይቅደም» የሚሉም አሉ። ስንዴን ካነሣችሁ ዘንድ እሰየው! በአጠገባችን ያለው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ከውጭ የመጣ ዘር ጥሩ ነው ተብሎ ስለ ተወራለት ብቻ ለባሌ ገበሬ አያድልም። በዚህ አፈር፥ በዚህ ዝናብ፥ በዚህ ዋግ ላይ ዘርቶ ያየዋል፤ በገበሬው ማሳም ይሞክረዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ስም የሚያወጣለት። መዳ ወላቡና ሶፍ ዑመር የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች በዚህ መንገድ የወጡ ናቸው። ለስንዴ የተገባ ጥንቃቄ ለሰው እግር የማይገባበት ምክንያት ምንድን ነው?

«ብታጠኑስ ማን ይሠራዋል?» ለሚለውም መልስ አለን። በአዲስ አበባ ዘነበ ወርቅ ሰፈር ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በ1997 ዓ.ም. ሶል ሬብልስ የተባለውን ሥራ ሲጀምሩ መነሻቸው ሁላችንም የምናውቀው በረባሶ ነበር። ከመኪና ጎማ የተቈረጠ ሶል እስከ ውጭ አገር ገበያ ደረሰ። ኬንያውያንም ኤንዳ የሚባል የሩጫ ጫማ ከአገራቸው ሯጮች ጋር እየተመካከሩ ሠርተው ለገበያ አቅርበዋል፤ የመጀመሪያውንም በሯጮቻቸው ከተማ ስም ኢተን ብለውታል። እኛ ነገ ጠዋት ፋብሪካ እንትከል አላልንም። ነገር ግን ቆዳ ያለው፥ ጫማ ሰፊ ያለው፥ ሯጭ ያለው አገር መዝገብ ብቻ ቢጎድለው መዝገቡን የሚጽፍ ይገኝ ነው የምንለው። ፋብሪካ ባይመጣ እንኳ የትኛው አሮጌ ጫማ መጣል፥ የትኛው መጠገን እንደሚገባው ማወቅ ለአንድ ጀማሪ ጕልበት ያድናል።

ስለ አሠራሩ ብዙ አንዘባርቅም። የስፖርት ሳይንስ ተማሪ ሯጩን ይከተላል፤ የጤና ተማሪ በጎባ ሆስፒታል በኩል የቈሰለውን እግርና የታመመውን ጕልበት ይመዘግባል፤ የፊዚክስ ተማሪ ስፖንጁን በብርድና በሙቀት ይፈትሻል፤ የእግሩን ስፋት በወረቀት ላይ አስረግጦ በእርሳስ መክበብ ግን ማንም ይችላል። ባዶ እግራቸውን ያደጉ ሰዎች የፊት እግር ሰፋ ያለ መሆኑ ሕንድ አገር ተለክቶ ታውቋል፤ የእኛ ምን ያህል እንደ ሆነ በአንድ ክረምት መለየት ይቻላል። ነገር ግን አንድ ማሳሰቢያ አለን። ጥያቄው ሁሉ ሯጩ በሚያልምበት ቋንቋ፥ በኦሮምኛ ይሁን። በፈረንጅኛ የተጻፈ የጥያቄ ወረቀት አምጥቶ «ከ1 እስከ 5 ምልክት አድርግ» ቢሉት፥ ሯጩ ለማክበር ብሎ 5 ያደርጋል፥ አጥኚውም ይመረቃል፥ እግሩም እንደ ቈሰለ ይቀራል። በአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ነው። ሌላም፦ የተለካው እግር የሯጩ ነው። ውጤቱ አስቀድሞ ለእሱና ለአሠልጣኙ ይነገር፤ የውጭ ኩባንያ ቢጠይቅም ሯጩ ሳይፈቅድ አይሰጥ። ከእኛ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለችው በቆጂ ደራርቱን፥ ፋጡማን፥ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን አውጥታ ዓለም ሁሉ ሊያጠናት ጐርፏል፤ ከዚያ ሁሉ ጥናት ለበቆጂ ጀማሪ ጫማ ስንቱ እንደ ተረፈ መጠየቅ ነውር አይሆንም።

መምህሮቻችን አንድ ክፍልና አንድ የሚያስተባብር ሰው እንዲሰጡን በትሕትና እንለምናለን። እስከዚያው ግን ሳንጠብቅ እንጀምራለን። በማኅበራችን ክፍል ጥግ ላይ አንድ ሣጥን ይቀመጣል። ያለቀ የሩጫ ጫማ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፥ የተቀደደም ቢሆን፥ አንድ እግሩ ብቻም ቢሆን አምጡልን፤ በውስጡም ስንት ወር እንደ ሮጣችሁበት፥ አዲስ ወይም ሰልባጅ እንደ ነበረ፥ የትኛው እግራችሁን እንደሚያማችሁ በቍራጭ ወረቀት ጻፉ። ከጫማ ሰፊዎች ዘንድ የሚጣል ሶል ካያችሁም ጠይቃችሁ ውሰዱልን። ጫማውን ግን እባካችሁ አትጠቡት፤ የተለጠፈበትን ጭቃም ለመመዘን አስበናልና።